እምቢታችሁን በወረቀት ስጡን!

(ከጳውሎስ፣ ጉለሌ)

አቤት ማለት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ፍርድ የተጓደለበት የጥንት ባላገር ከጭቃ ሹም ጀምሮ ሹማምንቱን አንድ ባንድ እያዳረሰ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ እግሩ እስኪነቃ ተጉዞ፣ ዙፋን ችሎት ድረስ ዘልቆ «ጃንሆይ አቤት!» ይል ነበር። ዛሬም ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች እንጀራቸው የሚጋገረው በዚሁ ልማዳችን ነው። ቡጢ የተሰናዘሩ ጎረምሶች እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቆም ይሉ ነበር።

እንዲህ አቤቱታ የለመደ ሕዝብ አቤት የሚልበት የሚያጣበት አንድ በር አለ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ነው። ልጅዎ በክራንች የሚሄድ፣ ወይም ጆሮው የማይሰማ፣ ወይም ዓይኑ የማያይ፣ ወይም ትምህርት ቀስ ብሎ የሚገባው ከሆነ፣ 8ኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሶ 9ኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲሄድ የሚገጥመውን ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። በትሕትና፣ በከንፈር መጠጣ፣ አንዳንዴም በምርቃት ታጅቦ ይመለሳል። «አልቀበልም» ያለ ሰው የለም። የጻፈ የለም። የፈረመም የለም። ልጁ ግን ቤቱ ተቀምጧል።

ይግባኝ የሚባለው በውሳኔ ላይ ነው። ውሳኔ የለም ከተባለ ይግባኙ በምን ላይ ይባላል? የዚህ ጸሐፊ ጉዳይ ይኸው ነው። ለእነዚህ ልጆች ወላጆች ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰጣቸው የሚገባው ነገር ልዩ ሕንፃም፣ ልዩ በጀትም፣ ልዩ አዋጅም አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው! ምክንያቱ የተጻፈበት፣ ቀን ያለበት፣ ስምና ማኅተም ያረፈበት እምቢታ።

ከበር ወደ በር

እዚሁ ጳውሎስ ሰፈር እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምትኖር አንዲት እናት አለች። የሷንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ ያንድ ሰው ወይም ያንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለምና። ልጇ ሲወለድ ጀምሮ እግሩም እጁም እንደ ልብ አይታዘዙለትም። በክራንች ይሄዳል፣ ሲናገር ይጎተታል፣ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል። አእምሮው ግን ምንም አልሆነም። ሌላው ባንድ ሰዓት የሚጽፈውን እሱ በሁለት ሰዓት ይጽፋል እንጂ የሚጽፈው ትክክል ነው። እናቱ ጠዋት እያደረሰች ማታ እየመለሰች 8ኛ ክፍል አደረሰችው። ሚኒስትሪ አለፈ። የምደባው ዝርዝር ላይም ስሙ ወጣ። እሷም ክረምቱ ሳያልቅ ካርዱን ይዛ ልታስመዘግበው ሄደች።

የመዝጋቢው ዓይን ካርዱ ላይ ሳይሆን ክራንቹ ላይ አረፈ። ኃላፊው ዘንድ አስገቧት።

«እናቴ» አሏት ኃላፊው፤ «9ኛ ክፍል እኛ ጋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጁ ይጎዳብዎታል። ለሱ ስል ነው።»

«እሺ ጌታዬ፣ ታዲያ የት ልውሰደው?»

«ለሱ የሚሆን ልዩ ትምህርት ቤት አይጠፋም። ወረዳ ሄደው ይጠይቁ።»

ወረዳ ሄደች። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግሥቱ ሄደች። ሥልጠና ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን ተገኙና «ምደባ የኛ ሥራ አይደለም፣ የክፍለ ከተማ ነው» አሏት። ክፍለ ከተማ ሄደች። እዚያ ያገኘቻት ወጣት ሠራተኛ ጥሩ ልጅ ነበረች። «እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ አልቀበልም ያለበትን ደብዳቤ ብቻ ያምጡልኝ፤ ዛሬውኑ እንጽፍላቸዋለን» አለቻት። እናት ደስ ብሏት እየሮጠች ተመለሰች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«እኛ መቼ አልቀበልም አልን? መከርንዎት እንጂ!»

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን መልስ ደግመህ አንብባት። «መከርንዎት!» እምቢ ብለዋት ቢሆን እምቢታውን ይዛ ትከራከር ነበር። በምክር ላይ ግን ይግባኝ የለም። ክፍለ ከተማው ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አይሰጥም። ሁለቱም በየፊናቸው ንጹሕ ናቸው። ጥፋተኛ የሌለበት ጥፋት ማለት ይህ ነው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እንዲሉ፣ የእኩዮቹ ደወል ሲደወል እሱ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ዩኒፎርም ይቆጥር ነበር።

ሪፈር የት ሄደ?

የጳውሎስ ሰፈር ነዋሪ ስለ ወረቀት ጥቅም ሌላ መምህር አያሻውም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ግማሽ ቀን መቆም ይበቃዋል። ከየክፍለ ሀገሩ ሕመምተኛ ይመጣል፤ በአምቡላንስ የሚመጣ አለ፣ በታክሲ የሚመጣ አለ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ የሚመጣ አለ። የአስታማሚው እጅ ላይ ምን አለ? ሪፈር! የላከው ሐኪም ምን እንዳየ፣ ምን እንደሞከረ፣ ለምን እንዳልቻለ፣ ወዴት እንደላከ የሚናገር ወረቀት። ተቀባዩ ሐኪም ያንን አንብቦ ሥራውን ከዚያ ይቀጥላል።

«ከአቅማችን በላይ ነው» ማለት ነውር አይደለም። የገጠር ጤና ጣቢያ የልብ ቀዶ ሕክምና አይሠራም፤ ማንም አይወቅሰውም። ነውሩ ሕመምተኛውን በአፍ «ሌላ ቦታ ሞክር» ብሎ መንገድ ላይ መተው ነው። ታዲያ ለስብራትና ለኩላሊት የተፈቀደ ወረቀት ለትምህርት ለምን ይከለከላል? ርእሰ መምህሩ ከአቅሜ በላይ ነው ካሉ ይጻፉት! ምን እንደሞከሩ ይጻፉ። ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ለማውረድ አስበው እንደሆነ ይጻፉ። ወዴት እንደሚልኩት፣ የሚልኩበት ቦታም ልጁን ይቀበለው እንደሆነ ጠይቀው እንደሆነ ይጻፉ። በአፍ ሲነገር ምክንያት የሚመስል ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሰበብ ሆኖ ይገኛል።

እስቲ የለመድናቸውን አራት መልሶች አንድ ባንድ እንመርምራቸው።

አራቱ ሰበቦች

አንደኛው፣ «ፎቅ ነው» የሚለው ነው። ፎቁን ማን ሠራው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡባቸውና የሚገለገሉባቸው ሆነው እንዲሠሩ አዝዞ ነበር። ሕንፃው ከአዋጁ በኋላ የተሠራ ከሆነ ጥፋቱ የልጁ እግር ሳይሆን የሠሪውና የፈቃድ ሰጪው ነው። ከአዋጁ በፊት የተሠራ ከሆነስ? የሱን ክፍል ብቻ ምድር ቤት ማውረድ ይቻላል። ወንበር የሚያወጣ የሚያወርድ ተማሪ ሞልቷል። ይህ ሲሚንቶ አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጠይቃል! ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም አስፋልት ዳር የብስክሌት መንገድ እየዘረጋ ያለ ከተማ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የክራንችና የዊልቸር መወጣጫ ማሠራት እንዴት ይሳነዋል?

ሁለተኛው፣ «የሠለጠነ መምህር የለንም» የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው። ግን ዕድሜውን እንጠይቅ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የልዩ ትምህርት ሥልጠና በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ይሰጣል ብሎ ነበር። ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎት ራሱ የልጆች አባት ሆኗል። ከጳውሎስ በታክሲ የምንደርስበት ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ከፍቶ ባለሙያ ያስመርቃል። መምህር አልተመደበም ማለትና መምህር የለም ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቱ እንደሆነ ወረቀቱ ይንገረን። ደግሞስ ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ብሬልም የምልክት ቋንቋም አይደለም። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ነው። ሰዓት ለመጨመር ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?

ሦስተኛው፣ «ቦታ ሞልቷል» የሚለው ነው። ቦታ መሙላቱ በቁጥር የሚታወቅ ነገር ነው። ስንት ክፍል አለ፣ በክፍል ስንት ተማሪ አለ፣ ልጁ ከመጣ በኋላ ስንት ሌላ ልጅ ተመዘገበ? ስሙ በምደባው ዝርዝር ላይ የወጣ ልጅ ቦታ ሞላበት ማለት ቦታውን ሌላ ሰው ተቀመጠበት ማለት ነው። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደገባ መጠየቅ ይመጣል። ሰዎቹ ወረቀቱን የሚፈሩት አንዳንዴ ለዚህ ይሆን?

አራተኛው በጣም ደግ የሚመስለው ነው፤ ስለዚህም በጣም አደገኛው ነው። «ለሱ ስንል ነው፤ ልዩ ትምህርት ቤት ይሻለዋል።» የትኛው? ለዓይነ ስውራን የሰበታው አለ፤ መስማት ለተሳናቸው መካኒሳ አለ። እነዚህ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን በአገሩ ያሉት ልዩ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የመጀመሪያ ደረጃ ናቸው። ከሰበታ የሚወጣው ዓይነ ስውር ልጅ ራሱ 9ኛ ክፍል ሲደርስ የሚያንኳኳው ይህንኑ የመደበኛውን ትምህርት ቤት በር ነው። እንግዲህ «ልዩ ትምህርት ቤት ውሰዱት» ማለት፣ ብዙ ጊዜ የሌለ አድራሻ መስጠት ነው። የሌለ አድራሻ ደግሞ በአፍ እንጂ በደብዳቤ አይጻፍም።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው

ሕግ አጣን እንዳንል ሕግ ተርፎናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት ይቅደም ይላል። አንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዝዛል። የ1986ቱ ፖሊሲ አካል ጉዳተኛውም ልዩ ተሰጥኦ ያለውም እንደ ችሎታውና እንደ ፍላጎቱ እንዲማር ዓላማ አድርጎ ተነሣ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በስፔኗ ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው ትምህርት ቤት ልጅን እንዳለ ይቀበል አሉ። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የ10 ዓመት ማስተር ፕላን ተዘረጋ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተተካ።

ከሁሉ በላይ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀችው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው የትምህርት ሥርዓት አይገለልም ይላል። ሊደረግ የሚችልን ማመቻቸት መንፈግም ራሱ መድልዎ ነው ብሎ ደንግጓል። የሦስተኛ ፎቁን ክፍል ምድር ቤት ማውረድ ሊደረግ የማይችል ነገር ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ!

ይህ ሁሉ ሕግ እያለ እናቲቱ ባዶ እጇን ተመለሰች። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም? ነገሩ ወዲህ ነው። ሕጉ ላይ ያለው ውኃ የሚቀዳበት ቅል የለም። ቅሉ ወረቀቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ ተገልጾ እንዲሰጥ፣ ቅር ያለውም ሰው ቅሬታውን አቅርቦ ፍርድ ቤት ድረስ እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል። ሕግ አውጪው ወረቀት ያልሰጠ ሹም በዜጋ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ገብቶታል ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ የትምህርት ቤት ደጃፍ ድረስ ይውረድ ነው የምንለው።

ያልተጻፈ አይቆጠርም

የአፍ እምቢታ የሚጎዳው ወላጁን ብቻ አይደለም፤ መንግሥትንም ያሳውረዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሚሆነው ሕዝባችን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተቆጠረው 805,492 ሰው ነበር። ከመቶ አንድ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሕዝብ 15 ከመቶ ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል አለ። እንግዲህ ወይ እኛ በዓለም ላይ የሌለ ጤና የታደልን ነን፣ ወይ ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ልጅ ጓዳ ውስጥ ተደብቋል። የቱ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የተባረረ ተማሪም እንደዚሁ ነው። በቃል የተመለሰ ልጅ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገኝም። «አልመጣም» ተብሎ ይታለፋል። የትምህርት ቢሮው ዓመታዊ ሪፖርቱን ሲያዘጋጅ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ስንት ልጅ ፎቅ ስላለ ተመለሰ፣ ስንቱ መምህር ስለሌለ ተመለሰ ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰነድ ከየት ያገኛል? ሰነድ የሌለው ችግር በጀት አይያዝለትም። በጀት ያልተያዘለት ችግር በሚቀጥለው ዓመትም «አቅም የለንም» ያሰኛል። ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው። አንድ መቶ የእምቢታ ደብዳቤ አንድ መዝገብ ቤት ቢከማች ግን ማንም ባለሥልጣን ዐይኑን ሊጨፍን አይችልም።

በር ሲከፈት ምን ይወጣል?

«እንኳን አካል ጉዳተኛው ደህነኛውም አልተማረ» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ሰው ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልደው በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብተው ከሚያዩት ጋር ተማሩ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ምኒልክ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ «ለሷ ስንል ነው» የሚል ሰው አሸንፎ ቢሆን ኖሮ አገራችን ምን እንዳጣች አታውቅም ነበር።

በሌላ በኩል ወይዘሮ ዘሚ የኑስን እናስታውስ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የብዙ እናቶች መጠጊያ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። እኚህ ሴት ሊመሰገኑ ይገባል፤ እኛ ግን ልናፍር ይገባል። እናት ሁሉ ልጇን ለማስተማር ትምህርት ቤት መክፈት አለባት እንዴ? እንጀራ ጋግራ የምታድረው እናት ምን ትክፈት?

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት የትምህርት ሕግ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚቆም ችሎት አቋቋሙ። በዚያ አገር ወላጅ ልጁ የሚያስፈልገው ድጋፍና የሚማርበት ትምህርት ቤት በሰነድ ይነገረዋል። ያልተስማማ እንደሆነ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ይግባኝ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የትምህርት ዘመን ችሎቱ ውሳኔ ከሰጠባቸው ይግባኞች 98 ከመቶው ቢያንስ በከፊል ለይግባኝ ባዩ ተፈርዷል። እዚያም ወላጅ ቀጠሮ እየጠበቀ ይጉላላል፤ ገነት አይደለም። ቁጥሩ የሚነግረን ግን አንድ ነገር አለ። እምቢታ ወረቀት ላይ ወርዶ ሌላ ሰው ሲያየው አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉ ይሆናል። ወደ አፍሪካ እንምጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ቀርተው ነበር። መንግሥት ገንዘብ የለኝም፣ ልጆቹም ቢማሩ አይጠቀሙም ብሎ ተከራከረ። የዌስተርን ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ መንግሥት መብታቸውን ጥሷል ሲል ፈረደ። ልብ በሉ! ፍርድ ቤቱ የፈረደው መንግሥት አቋሙን በግልጽ ስለ ተናገረና ክርክሩ በመዝገብ ስለ ተያዘ ነው። «መከርናችሁ እንጂ» ቢባል ኖሮ ምን ላይ ይፈርድ ነበር?

ለመምህራኑም እንሟገት

ይህ ጽሑፍ መምህራንን ለመስደብ አልተጻፈም። 50ና 60 ተማሪ ባንድ ክፍል የሚያስተምር፣ ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር ላይ ሸክም መጨመር ቀላል አይደለም። ርእሰ መምህሩም ቢሆኑ መወጣጫ የሚያሠሩበት ገንዘብ፣ ባለሙያ የሚቀጥሩበት ሥልጣን በእጃቸው ላይኖር ይችላል። ለዚህም ነው ወረቀቱ ለነሱም ጋሻ የሚሆነው! «እኔ እቀበላለሁ፤ ግን ይህና ይህ ይሟላልኝ» ብለው የጻፉ እንደሆነ ኳሷ ወደ ወረዳና ወደ ክፍለ ከተማ ትሄዳለች። ያልጻፉ እንደሆነ ግን የአለቆቻቸውን ጥፋት ራሳቸው ተሸክመው፣ የእናትን እንባ ፊት ለፊት እያዩ ይኖራሉ። አለቃ ያጠፋውን በትሕትና መሸፈን ምን የሚሉት ታዛዥነት ነው?

«ደብዳቤ ከሰጠን ክስ ይበዛብናል» የሚሉም ይኖራሉ። ይብዛ! ክስ የሚበዛው በደል ሲበዛ ነው። ክስ እንዳይበዛ በደልን መቀነስ እንጂ ማስረጃን መደበቅ የጨዋ አስተዳደር ሥራ አይደለም።

የምንጠይቀው ይህንን ነው

ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮና ለክፍለ ከተሞች የምናቀርበው አቤቱታ አጭር ነው።

አንደኛ፣ 9ኛ ክፍል ሊመዘገብ የመጣን አካል ጉዳተኛ ወይም ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ያልመዘገበ ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። ምን እንደሞከረና ምን እንደጎደለው በዚያው ላይ ይግለጽ።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤውን የሚመረምሩት እምቢ ያሉት ሰዎች ራሳቸው አይሁኑ። በክፍለ ከተማ ደረጃ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ፣ የወላጅ ተወካይና አንድ አካል ጉዳተኛ ያሉበት ትንሽ ጉባኤ ይቀመጥ። ውሳኔውም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ። በኅዳር የተሰጠ ውሳኔ ለልጁ ምኑ ነው?

ሦስተኛ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ልጁ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ስለ አንድ ቁና መሬት ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤት እግድ ይሰጣል። የልጅ ዕድሜ ከመሬት ያነሰ ነው?

ለወላጆችም አንዲት ቃል አለችኝ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ወረቀት አልሰጥም ያለን ሰው ወረቀት በመስጠት መጀመር ይቻላል። «ልጄን በዚህ ቀን ላስመዘግብ መጥቼ በዚህ ምክንያት አልተመዘገበልኝም፤ መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡኝ» የሚል ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፉ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ ሁለተኛው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር አስጽፉና ይዛችሁ ሂዱ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩት፤ ደረሰኙ ምስክር ይሆናል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጎረቤት ወይም የዕድር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መልስ ካልመጣ ያችን ኮፒ ይዛችሁ ወደ ወረዳ፣ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ትምህርት ቢሮ ውጡ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. በሕግ ወደ ተቋቋሙት ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂና ወደ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሂዱ። እነዚህ ተቋማት እንደ ፍርድ ቤት አስገድደው አያስፈጽሙም፤ አቤቱታ ለመቀበል ግን ገንዘብ አይጠይቁም፣ ጽፈው ይጠይቃሉም። እንባ ጠባቂ የተባለ መሥሪያ ቤት ባለበት አገር እንባችሁን በመሐረብ ብቻ አትጥረጉ። አስመዝግቡት!

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለቅኔ ማሳመሪያ አይደለም። ክቡራን ኃላፊዎች ሆይ! እሺ ብትሉን ደስታችን ነው። እሺ ማለት ካቃታችሁም እውነቱን ንገሩን፤ እንሟገታለን፣ ብንሸነፍም በሕግ እንሸነፋለን። ፈገግ ብላችሁ፣ መርቃችሁ፣ በአፍ ብቻ ግን አትሸኙን። ብዕር ይኸው፣ ወረቀት ይኸው። እምቢታችሁን ጻፉልን፤ ከሥሩም ፈርሙበት!